ኮዱ ተስተካክሎ ስህተቱ ለምን አልጠፋም? ስለ ሞጁሎች ቅደም ተከተል

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በወሩ ስንት ሕፃናት እንደከተቡ ሪፖርት የሚያደርጉት ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚመራው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪም አውርዶ ሊመረምረው ይችላል። ባለ 13 ወሩን የእኛን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል።

በጃቫ የተጻፈው ይህ ኮድ አንድ ወጥ አይደለም። በሞጁሎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሞጁሎች አሉ። ነገሩ እንደ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ነው፦ ጥጡ ሳይፈተል ክር የለም፣ ክር ከሌለ ደግሞ የሚሸመን ነገር የለም። እዚህም መሠረታዊዎቹ ሞጁሎች ቀድመው ካልተገነቡ ድረ ገጹን የሚያሳየው ክፍል ሊገነባ አይችልም።

ተራውን ማን ይወስናል?

ሜቨን የሚባለው የግንባታ መሣሪያ ነው። የየሞጁሉን ፖም ፋይል አንብቦ ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ ያያል፤ ተራውንም በዚያ ይደለድላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ማንን ቀድማችሁ ጻፋችሁት የሚለው ብዙም ለውጥ የለውም። እንዲህ ያለውን ድልደላ ለመሥራት አርተር ካን በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ቀላል ነው፦ ማንንም የማይጠብቀውን አውጣ፣ ከዝርዝሩ ሰርዘው፣ ድገም። የቀሩት ሁሉ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ከሆነ ግን ክብ ጥገኝነት ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ሜቨንም ሥራውን ያቆማል።

ወጥመዱ የት ነው?

ሜቨን የሚደለድለው በአንድ ትእዛዝ አብረው የገቡትን ሞጁሎች ብቻ ነው። በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ለብዙ ዓመታት ዋናው ክፍልና የድረ ገጹ ክፍል በሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ይገነቡ ነበር። እስቲ ከታች ባለ ሞጁል ውስጥ የጳጉሜን ስሌት አስተካከላችሁ እንበል። ከዚያ የድረ ገጹን ክፍል ብቻ ገነባችሁ። ሜቨን የታችኛውን ሞጁል ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለው ማከማቻ ይፈልገዋል። ካጣው ስህተት ያሳያል፤ ይሄ እንኳን ደግ ነው። የከፋው አሮጌውን ጃር ካገኘ ነው። የስሪት ቁጥሩ ስላልተቀየረ ዝም ብሎ ይጠቀምበታል፣ ግንባታውም «ተሳክቷል» ይላል። ጳጉሜ ግን እንደተበላሸች ናት።

ምን እንፈትሽ?

1. «አልተገኘም» ካለ ስሙን አንብቡ። የራሳችሁ ሞጁል ከሆነ ኢንተርኔቱን አትውቀሱ፤ ከላይኛው ማውጫ ጀምራችሁ ገንቡ። አንድ ሞጁል ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ «አልሶ ሜክ» በሚባለው ምርጫ የሚደገፍባቸውንም አብራችሁ አስገንቡ።
2. ለውጡ ካልታየ ማከማቻው ውስጥ ያለው ጃር የተሠራበትን ሰዓት እዩ። ከለውጣችሁ የሚቀድም ከሆነ ሞጁሉን አጽድታችሁ እንደገና ኢንስቶል አድርጉ።
3. ክብ ጥገኝነት ከሆነ ሁለቱም የሚፈልጉትን ኮድ አውጥታችሁ ከሁለቱ በታች ወዳለ ሦስተኛ ሞጁል ውሰዱት።

«ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ግንባታው ማለቁን እንጂ በየትኛው ጃር እንደተሠራ አይነግራችሁም። የክትባት ቁጥር በሚቆጥር ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ድምፅ የሌለው ስህተት ከሚጮኸው ይብሳል።