የሰማ ላልሰማ ከማሰማቱ በፊት ያጣራ

ዕውቀት ከሥራና ከሕዝብ ኑሮ ሲነጠል ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ይህ እውነት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወረታ ከተማና በዙሪያዋ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በግልጽ ይታያል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ በሚፈሱበት በዚህ ሜዳ አርሶ አደሩ ከውኃ ጋር እየታገለ ሩዝ ያመርታል። ምርቱን አጭዶና ወቅቶ ገበያ ሲያወጣ ግን ሌላ ትግል ይጠብቀዋል፤ እርሱም የመረጃ ትግል ነው። የዕለቱን ዋጋ ደላላው ካወቀና ላቡን ያፈሰሰው ገበሬ ካላወቀ፣ የድካሙ ፍሬ ለሌላው ሲሳይ ይሆናል።

ዛሬ የእጅ ስልክ በየመንደሩ ገብቷል። ሆኖም የወሬ መብዛት የዕውቀት መብዛት አይደለም። እንበል፣ በክረምት አንድ ሌሊት «ርብ ሞልቶ መንደሩን ወሰደው» የሚል መልእክት ከነፎቶግራፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሜዳውን ያጥለቀለቀበትን ጊዜ የሚያስታውስ ቤተሰብ በአንድ በኩል ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሐሰት ወሬ የተሰላቸ ሕዝብ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሊንቀው ይችላል። ሁለቱም ጥፋት ናቸው። በዚያች ሌሊት እናት ለዕረፍት ወደመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዞራ «ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብትለው ምን ይመልስላት ይሆን?

የትምህርታችን እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋራ ከተዘጋጁት ትምህርቶች አንዱ አመክንዮና ሒሳዊ አስተሳሰብ መሆኑ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በፈተና ወረቀት ላይ ከቀረ ከንቱ ድካም ይሆናል። ተማሪው ማንኛውንም መልእክት ሲቀበል፦ የተናገረው ማን ነው? መቼ ተነገረ? ፎቶግራፉ የየት ቦታና የየትኛው ዓመት ነው? ከወሬው የሚጠቀመው ማን ነው? ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቀው አካልስ ምን ይላል? ብሎ መጠየቅን እንደ ዕለት እንጀራው ሊለምደው ይገባል። ስለ ዘር፣ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ስለ ሥራ ቅጥርና ስለ ሕክምና የሚነዛውንም ወሬ በዚሁ ሚዛን ሊመዝነው ይገባል።

ተማሪ ወደ ሕዝብ መውረዱ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በማግሥቱ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ግዴታው የከበዳቸውና ዓላማውን የተቃወሙ ዘማቾች እንደነበሩ አይካድም፤ ቢሆንም ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ዕዳ እንዳለበት ያን ጊዜ በተግባር ታይቷል። የትናንቱ ጠላት ፊደል አለመለየት ነበር፤ የዛሬው ደግሞ እውነትንና ሐሰትን አለመለየት ነው።

ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አእምሮን አያነቃም። የነቃ ሕዝብ የሚፈጠረው በትምህርት ነው። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ክህሎት ከኑሮ በተቀዱ ምሳሌዎች ማስተማር፣ ተማሪዎችም በየዕረፍታቸው በየዕድሩና በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ማካፈል ይጠበቅባቸዋል። ሠራተኛውና የሰፈሩ ነዋሪም «ይህ ልጅ ትናንት የተወለደ» ሳይል መድረኩን ይክፈትለት፤ ተማሪው በበኩሉ ስለ ወንዙና ስለ ሰማዩ ጠባይ ከሽማግሌው ይማር።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። አዋጅ ነጋሪም «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይል ነበር። የዘመናችን ኃላፊነት ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀድማል፦ የሰማ ሁሉ፣ ላልሰማው ከማሰማቱ በፊት ያጣራ!