በጕልበት ውስጥ የሚበቅል ጠጠር

አንባቢ ሆይ፥ በጫማዎ ውስጥ አንዲት ጠጠር ብትገባ ምን እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ ከመንገድ ዳር ቆም ብለው ጫማዎን አውልቀው ያራግፋሉ። ነገር ግን ጠጠሩ ያለው በጫማዎ ሳይሆን በጕልበትዎ ውስጥ ቢሆንስ? ደግሞስ ከውጭ የገባ ሳይሆን ከዚያው ከጕልበትዎ የበቀለ ቢሆን ምን ይላሉ? ነገሩ ተረት አይደለም። ሐኪሞች «ሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ» የሚሉት በሽታ ይህ ነው።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የጕልበትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ ጫፎቻቸው ልም አጥንት በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ነገር ተለብጠዋል። ልም አጥንት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ቢፈልጉ ጆሮዎን በጣትዎ ጠምዘዝ አድርገው ይልቀቁት፤ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ዘመዱ ነው። መገጣጠሚያውን ደግሞ ከውስጥ እንደ ከረጢት ገበር የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። ሥራውም የእንቍላል ነጭ የመሰለ ፈሳሽ እያመነጨ መገጣጠሚያውን ማራስ ነው። ማጠፊያው ዘይት የተቀባ በር ሳይንጫጫ እንደሚከፈት ሁሉ፥ ጕልበትም በዚህ ፈሳሽ እየራሰ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል።

በሽታው የሚነሣው እንግዲህ ከዚህ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ያለ ልማዱ ልም አጥንት መሥራት ይጀምራል። በመጀመሪያ ትንንሽ እባጮች ያወጣል፤ እባጮቹም እንደ በሰለ ፍሬ ይረግፉና በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። አንዳንዱ የሩዝ ፍሬ፥ አንዳንዱ ሽንብራ ያህላል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። ቍጥራቸውም ከጥቂት እስከ ብዙ መቶ ሊደርስ ይችላል። የሚያስገርመው ግን ከረገፉ በኋላ አለመሞታቸው ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከፈሳሹ ነው። ስለዚህ የረገፈው ፍሬ በፈሳሹ እየተመገበ ማደጉን ይቀጥላል፤ ውሎ አድሮም ካልሲየም ይይዝና ይጠጥራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዝነኛው የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም አምብሩዋዝ ፓሬ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1558 ከአንድ በሽተኛ ጕልበት የለውዝ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ ነገር ማውጣቱን ጽፏል። በ1977 ደግሞ ሚልግራም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የበሽታውን አካሄድ በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ሽፋኑ ይሠራል፥ ነገር ግን ገና የረገፈ ፍሬ የለም፤ በሁለተኛው ሽፋኑም ይሠራል፥ ፍሬውም ይረግፋል፤ በሦስተኛው ሽፋኑ ሥራውን አቁሞ የረገፈው ፍሬ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ የሚይዘው ማንን ነው? በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፥ ወንዶችን ከሴቶች እጥፍ ያህል ያጠቃል። ከበሽተኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት የሚታመሙት ጕልበታቸውን ነው፤ ዳሌ፥ ክርንና ትከሻም አይቀሩለትም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ይይዛል። ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጋር ውለው ሲነሡ ጕልበትዎ ቀጭ ቢል ይህ በሽታ ያዘኝ ብለው አይደንግጡ። በሽታው እጅግ ብርቅ ነው። የቈየ ጕዳት ወይም የመገጣጠሚያ ማለቅ ያመጣው ስብርባሪ ግን ተመሳሳይ ጠጠር ሊያበቅል ስለሚችል ሐኪሙ ሁለቱን መለየት አለበት።

ምልክቱ ቀስ እያለ የሚመጣ ሕመም፥ እብጠትና መንቋቋት ነው። አንዳንድ ጊዜም ጠጠሩ በአጥንቶቹ መካከል ይሰነቀርና ጕልበቱ አልታጠፍም ወይም አልዘረጋም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ ይሮጣል። ይሁን እንጂ በማሸትና በመሳብ የሚወጣ ጠጠር የለም፤ የተሰነቀረውን በግድ መዘርጋት እንዲያውም የአጥንቱን ልባስ ሊፍቅ ይችላል።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ጠጠሩ ካልሲየም ሳይይዝ በራጅ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ምንም አላሳየም» መባል ብቻውን ጤነኛ ነዎት ማለት አይደለም፤ ገና ያልጠጠረውን የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ፤ ካንሰር ነውን? ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ነገሩን የሽፋኑ ጠባይ መለወጥ ብቻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን በብዙ በሽተኞች ላይ ሁለት ጂኖች ተቀላቅለው ስለ ተገኙ፥ ዛሬ ከዕጢዎች ተራ ይመደባል። ዕጢ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። ይህኛው ወደ ሌላ አካል የሚዛመት አይደለም፤ ወደ ካንሰር የሚለወጠውም ከስንት አንድ ነው። የሚጐዳው መገጣጠሚያውን ነው፤ ጠጠሩ እንደ ወፍጮ የአጥንቱን ልባስ እየፈጨ ይጨርሰዋል።

መድኃኒቱ ጠጠሮቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሲሆን፥ እንደ ሁኔታው የታመመው ሽፋንም ይነሣል። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ በ1918 በሬሳ ጕልበት ውስጥ በመነጽር መመልከት ከጀመረ ወዲህ ጥበቡ ስላደገ፥ ዛሬ በብዙ ስፍራ ሥራው በትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈጸማል። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ግን ከሐኪም ቀጠሮ መቅረት አይገባም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጕልበትዎ ደጋግሞ ቢያብጥ ወይም እንደ ተቈለፈ በር አልንቀሳቀስ ቢልዎ፥ በግድ አይዘርጉት፤ «ይለቀኛል» ብለውም ዓመት አይጠብቁ። ጠጠሩን ሐኪም ያወጣዋል፤ አንድ ጊዜ የተፈጨውን ልባስ ግን እንደ ቀድሞው አድርጎ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።