ፔጆ 404 ላይ የወጣ ዝገት

«ድሬ በረሃ ናት፣ መኪና አይዝግባትም፤ ከዛገም ቀለም ይሸፍነዋል» የምትሉኝ በዝታችኋል። ሁለቱም ስህተት ነው። ብረትን የሚያዝገው ውሃና ኦክስጅን ነው፤ ፓራፋንጎ ሥር የተለጠፈ ጭቃ ደግሞ ሰማዩ ከጠራም በኋላ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረው ፔጆ 404 ብዙ ክረምት አይቷል። ዝገት ቀዳዳ ስላለው እርጥበት ይይዛል፤ በላዩ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ ያብጣል፣ ይላጣል። ስለዚህ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፋቅ፣ በቲነር ይጠረግ፣ አንቲረስት በዚያው ቀን ይቀባ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። አንቲረስት ብቻውን እርጥበት አይከለክልም።

«መፋቅ ላሜራውን ያሳሳል» ለምትሉ፣ ላሜራውን የበላው ዝገቱ ነው፤ የምትፍቁት የሞተውን ነው። በካቻቢቴ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ግን ጉዳዩ የባቲላሜራ ነው፤ በስቱኮ መድፈን ገዢን ማታለል ይመስለኛል። ጥያቄ ካለ ከሥር ጻፉልኝ።