ባልና ሚስት ለሩቅ መንገድ ሲሰናዱ

የደብረ ታቦር ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የከተማውን ስም ከሩቅ አገር ተራራ ጋራ አያይዞ ይሰማል። በገሊላ ያለው ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር አይሞላም፤ የእኛ ከተማ ግን በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ችቦ ሲበራ፥ እኛና ባለቤታችን «ያን ተራራ፥ ኢየሩሳሌምንም በዓይናችን የምናየው መቼ ይሆን?» ሳንባባል ያለፈ ዓመት የለም።

የቀደሙት ተሳላሚዎች በእግርና በበቅሎ ምጽዋ ወርደው በመርከብ፥ ወይም የሱዳንንና የግብፅን በረሃ አቋርጠው ይሄዱ ነበር። በመንገድ የቀሩት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህም ተሳላሚ ከመነሣቱ አስቀድሞ ዕዳውን ይከፍላል፤ ከተጣላው ይታረቃል፤ ኑዛዜውንም ያኖራል። ደብረ ታቦርን ከመናገሻዎቻቸው አንዷ አድርገው የነበሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በኢየሩሳሌም ያስጀመሩት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፥ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል። ዛሬ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ የሚደርሰው በአራት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ አጠረ እንጂ መሰናዶው አላጠረም።

ይህንንም ከራሳችን ስሕተት ተማርነው። ለብዙ ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ቢቈጠር ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ሆነ። ባለቤታችንም «አንቱ ይሂዱ፤ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» አለችን። እውነቱን ለመናገር፥ ደስ አለን፤ የፓስፖርት ማመልከቻም ልንሞላ ተነሣን። ማታ ግን የቁጠባውን ደብተር ስንመረምር፥ ከግማሽ የሚበልጠው እርስዋ ድንች፥ ዕንቁላልና ቅቤ ሸጣ ያስገባችው ሆኖ አገኘነው። ደመወዛችንማ በልጆች ትምህርትና በቤት ወጪ እያለቀ ኖሯል። ለሰው ልጅ ሒሳብ የምናስተምር እኛ የቤታችንን ሒሳብ ሳናውቅ መኖራችን አሳፈረን። በማግሥቱ ጉዞውን በሁለት ዓመት አዘግይተን፥ አብረን ልንሄድ ተስማማን።

እነሆ፥ እስከዚያ የምንሠራውን ለሌሎች ባለትዳሮች እናካፍላለን።

በመጀመሪያ ደብተሩ የሁለታችን ሆኗል። የቲኬቱ፥ የማደሪያው፥ የመጠባበቂያው፥ በቤት ለሚቀሩት ልጆች የሚተወውም ገንዘብ ለየብቻው ይጻፋል። ለጉዞው ብለን አንበደርም።

ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ስማችን በልደትና በጋብቻ ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን አመሳክረናል። ለጉዞው ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዘመን የቀረው ሊሆን ይገባል። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ሆነ የምንሄድበት አገር ሰላም መሆኑን፥ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት እንጠይቃለን።

ሦስተኛው ሰውነትን ማለማመድ ነው። የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ደረጃው ብዙ ነው፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ቆላ ስለሆነች፥ ለጉና ደገኛ ሙቀትዋ ይከብዳል። ስለዚህ ዘወትር ቅዳሜ፥ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወዳሠሩባት ወደ ጋፋት በእግራችን እንሄዳለን። በሦስተኛው ቅዳሜ ባለቤታችን ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበትዋ እንደሚያማት ነገረችን። ሕመሙ ከዓመት በላይ ሆኖት ኖሯል፤ «እንዳላስቀርዎ ፈርቼ ነው» አለች። አሁን ሐኪም እያያት ነው፤ እኛም በእርስዋ እርምጃ ልክ መሄድን እየተማርን ነው።

አራተኛው ስንቅ ነው። ወራቱ ሰሙነ ሕማማት ስለሚሆን በሶ፥ ድርቆሽና ሽሮ ይበቃናል። ሻንጣው ሳይከብድ ሁለታችንም ልንሸከመው የምንችለው ይሁን።

የመጨረሻው ዕርቅ ነው። ቀደምቶቹ ከጎረቤት ታርቀው ይነሡ ነበር፤ እኛ ግን መታረቅ የሚገባን አስቀድሞ ከቤታችን ጋራ ሆኖ ተገኘ። ያን ምሽት ደብተሩን ባንገልጥ ኖሮ፥ በባለቤታችን ላብ ብቻችንን ተሳልመን «ተሳላሚ» ለመባል ነበር። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው ገዳማችን በዴር ሱልጣን፥ ሁለታችን ጎን ለጎን እንቆማለን።