ኤሊፕቲካል ላይ የመጀመሪያው ወር፦ ሁለተኛዋ ደቂቃ ለምን ትከብዳለች?

እንበልና እንጅባራ ወይም ዳንግላ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል የቢሮ ሥራ አላችሁ። ሐኪም የደም ግፊታችሁን ለካና "መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጀምሩ" አላችሁ። ጉልበታችሁን ስለሚያማችሁ ሩጫ አይሆንላችሁም። ክረምቱም የእንጅባራ ክረምት ነው፤ ጭቃውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ጂም ተመዝግባችሁ፣ ወይም ዘመድ ያመጣላችሁን ማሽን ሳሎን ውስጥ ገጥማችሁ፣ ኤሊፕቲካል ላይ ወጣችሁ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ደህና ናት። ሁለተኛዋ ላይ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጭን ይቃጠላል፣ ልብ ደረትን ይደበድባል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ "ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም" ብላችሁ ትወርዳላችሁ።

እኔም የመጀመሪያ ቀን የወረድኩት አራተኛዋ ደቂቃ ላይ ነበር። ስለ ጡንቻ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ሲሆን ትንሽ ያሳፍራል። ግን ያቺ ደቂቃ የምትናገረው ስለ አቅማችሁ አይደለም። ምን እንደምትናገር ካወቃችሁ ደግሞ ማሽኑ ልብስ መስቀያ ሆኖ አይቀርም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። ኤሊፕስ ማለት ሞላላ ማለት ነው። እግራችሁ ፔዳሉን ሳይለቅ በሞላላ መንገድ ይዞራል፤ እጃችሁ ደግሞ መያዣዎቹን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ፕሪኮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ነው በየጂሙ የተስፋፋው። ስትሮጡ እግራችሁ መሬት በመታ ቁጥር መሬቱ ከክብደታችሁ ሁለትና ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል መልሶ ይገፋችኋል። ኤሊፕቲካል ላይ እግር ከፔዳሉ ስለማይነሳ ይህ ምት የለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። የሚያከብደው ነገር ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ማግኔት ነው፦ ከባዱ የብረት ጎማ በማግኔት አጠገብ ሲሽከረከር በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ያ ጅረት ደግሞ ጎማውን መልሶ ይይዘዋል። ምንም ነገር ከምንም ሳይነካካ ፍሬን ይያዛል ማለት ነው። (ለእኛ አገር የሚመች ነገር አለው፦ መብራት ሲጠፋ ትሬድሚል ቀጥ ይላል፤ ይሄን ግን የሚያዞረው እግራችሁ ስለሆነ አይቆምም።)

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ደቂቃ እንመለስ። ፔዳሉን መግፋት እንደጀመራችሁ የጡንቻችሁ የኃይል ፍላጎት በአንዴ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ልብና ሳንባ ግን በአንዴ አይነሱም። በቂ ኦክስጅን ጡንቻው ጋ እስኪያደርሱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ያልለመደ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። በዚህ መሀል ጡንቻው ያለ ኦክስጅን ኃይል የሚያወጣባቸውን መንገዶች ይጠቀማል። እነሱ ፈጣን ናቸው፤ ግን ቶሎ ያልቃሉ፣ ያንን የማቃጠል ስሜትም ይዘው ይመጣሉ። ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ ከባልደረባው ከዮሐንስ ሊንድሃርድ ጋር ሆኖ ይህን የሥራ መጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1913 አጥንቶታል። ክሮግ በ1920 በሌላ ሥራው ኖቤል የተሸለመው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ደቂቃ ላይ የሚሰማችሁ ጭንቀት የጉድለት ምልክት ሳይሆን የመዘግየት ምልክት ነው። አራተኛዋና አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ አቅርቦቱ ፍላጎቱን ሲደርስበት ትንፋሽ ይረጋል። ችግሩ ብዙዎቻችን ከዚያ በፊት እንወርዳለን፤ ወይም ደግሞ ገና ከጅምሩ ሌቭሉን ከፍ አድርገን ስለምንነሳ አቅርቦቱ መቼም አይደርስበትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በዝቅተኛው ሌቭል፣ "እንዲህማ ከሆነ ምን ዋጋ አለው" እስክትሉ ድረስ ቀስ ብሎ መሄድ።

ሌላም ነገር አለ። በጥር 23 እንጅባራ ተገኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን አይታችኋል። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ የአድዋን ድልና በዚያ የዘመቱ ፈረሶችን ያስባል። ያን ፈረስ የሚጋልብ ጎበዝ ኤሊፕቲካል ላይ ቢወጣ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? እሱም ይንገዳገዳል፤ ምናልባትም ያልኩኛል። ፈረስ ላይ የሚሠሩት የውስጥ ጭን ጡንቻዎችና ወገብ ናቸው፤ ሥራቸውም በአብዛኛው ጨብጦ መያዝና ሚዛን መጠበቅ ነው። ኤሊፕቲካል ላይ ግን የፊት ጭንና መቀመጫ ያለማቋረጥ ይገፋሉ። እናንተም ሦስት ወር ማሽን ላይ ሠርታችሁ ፈረስ ላይ ብትወጡ በማግስቱ የምትራመዱት እግራችሁን ከፍታችሁ ነው። ሰውነት የሚለምደው የተለማመደውን ነው። በሳይንሱ "የልምምድ ልዩነት ሕግ" ልንለው እንችላለን፤ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም። ዋናው ነገር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ድካም ግማሹ የልብ ሳይሆን የቅንጅት ነው። አንጎል የትኛውን ጡንቻ መቼ አጥብቆ መቼ እንደሚለቅ ገና አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ያጠብቃል፤ ያ ደግሞ ኃይል ይበላል። በሦስት አራት ቀን ልምምድ ይሄኛው ክፍል በጣም ይሻሻላል።

ቀጥሎ የሚለምደው ደም ነው። በተከታታይ እንቅስቃሴ በተደረገባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው ይጨምራል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚበዛ ለተመሳሳይ ሥራ የምትመታው ቁጥር ይቀንሳል። በሁለተኛው ሳምንት "ዛሬ ቀለለኝ" የምትሉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከዚያ የጡንቻው የውስጥ ምድጃዎች፣ ሚቶኮንድሪያዎች ይመጣሉ። አሜሪካዊው ጆን ሆሎዚ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጥናት አይጦችን ለሳምንታት ትሬድሚል ላይ አሩጦ፣ በጡንቻቸው ውስጥ የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች ሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ማደጉን አሳየ። ሰው ላይም ለውጡ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁት። ጅማትና አጥንት ደግሞ ቸልተኞች ናቸው፤ በወራት ነው የሚያስቡት።

እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። በሦስተኛው ሳምንት ልብና ትንፋሽ ደህና ሆነው "ጨምር፣ ጨምር" ይላሉ። ጅማቱ ግን ገና አልደረሰም። ለሦስት ሳምንት በደስታ ሠርቶ በአራተኛው ቁርጭምጭሚቱን ወይም የጉልበቱን ፊት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ሌቭል ከመጨመር ደቂቃ መጨመር ይሻላል። ዛሬ 8 ደቂቃ ከቻላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት 10፣ ከዚያ 12 እያላችሁ ሂዱ።

ስለ ከፍታው ካልተናገርን ደግሞ የእንጅባራ ሰው ይታዘበናል። ዳንግላ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። እንጅባራ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ይህ በስፖርት ምን እንደሚያደርግ ሜክሲኮ ሲቲ ያሳየናል፤ ከፍታዋ 2240 ሜትር ነው፣ ከዳንግላ ብዙም አትርቅም። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ እዚያ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ አበበ ቢቂላ ግን ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር የጨረሰው። የቀኑ ሙቀትና መንገዱም ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በዚያ ኦሎምፒክ የረጅም ርቀት ሰዓቶች በጠቅላላው የዘገዩት በቀጭኑ አየር ነው።

"እኛ ግን እዚሁ ተወልደን ያደግን ነን" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይረዳል። ሲንቲያ ቢል የምትመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ በአማራ ክልል በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አግኝቷል። ግን ይህ የደጋ ስጦታ ዓመታት ወንበር ላይ የተቀመጠን ጡንቻ አይተካም። ከቆላ በቅርቡ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ለራሳችሁ አንድ ሁለት ሌቭል ቀንሱላት።

እንግዲህ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ካሎሪ እርሱት። ማሽኑ ስለ እናንተ ቢበዛ ክብደትና ዕድሜ ነው የሚያውቀው፤ መያዣው ላይ ተንጠልጥላችሁ ክብደታችሁን ብትጥሉበትም ያው ቁጥር ይቆጥራል፤ ብዙ ጊዜም አብዝቶ ነው የሚናገረው። ከሱ የሚሻለው የሰላምታ ፈተና ነው። አንድ የምታከብሩት ሽማግሌ በሩን ከፍተው ገቡ ብላችሁ አስቡ። "እንደምን ዋሉ አባባ፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ እህሉስ" ብላችሁ ሳትቆራርጡ መጨረስ ከቻላችሁ፣ ግን መዝፈን ካቃታችሁ፣ ልክ ላይ ናችሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ብላችሁ አየር የምትስቡ ከሆነ ቀንሱ። መዝፈን ከቻላችሁ ጨምሩ። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የንግግር ፈተና የሚባል በስፖርት ሕክምና የሚሠራበት መንገድ ነው። በተለይ እንደ አቴኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ለምትወስዱ ይጠቅማል፤ እነዚህ የልብ ምትን ስለሚይዙት የምት ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

ለውጡን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን የልብ ምት ጥሩ ማስታወሻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሌቭልና ፍጥነት 10 ደቂቃ ሠርታችሁ፣ እንደቆማችሁ የእጅ አንጓችሁን ይዛችሁ ለ15 ሴኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ደብተር ላይ ጻፉት። በመጀመሪያው ሳምንት ለምሳሌ 140 የነበረ በስድስተኛው ወደ 125 ቢወርድ፣ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ባይቀንስም ልባችሁ ተለውጣለች። ሚዛን ቶሎ ስለማይንቀሳቀስ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው በዝቷል፤ እኔ ብሆን ሚዛኑን ለሁለት ወር አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ።

ስለ ግፊቱም፦ ግፊት ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ አዘውትረው ሲሠሩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለልብና ለአንጎል የደም ሥሮች ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት ሦስት ወር ቢፈጅባችሁ ምንም አይደለም፤ ገበያ በእግር የሄዳችሁበትም ይቆጠራል። እንዲያውም ኤሊፕቲካል አጥንትን ብዙ ስለማይጭን በእግር መሄዱን አትተዉት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ጾሙን ፈትታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሥሩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን በባዶ ሆድ ማሽኑ ላይ እንዳትወጡ፤ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል፣ ከረሜላም ከኪስ አይጥፋ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ ማዞር ከመጣ ሰላምታ መፈተን የለም፤ ወርዶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የእግር ጣት መደንዘዝ ግን አያስደንግጣችሁ። እግር ከፔዳሉ ስለማይነሳ አንድ ቦታ ላይ ግፊቱ ይበዛል፤ የጫማችሁን ማሰሪያ ላላ አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ተረከዝ መልሱ፣ አልፎ አልፎ ለግማሽ ደቂቃ ወደኋላ አሽከርክሩት።

ደግሞም መቋረጡ አይቀርም፤ ለቅሶ አለ፣ ድግስ አለ፣ አጨዳ አለ። ሁለት ሳምንት ከቀራችሁ መጀመሪያ የሚጠፋው መጀመሪያ የመጣው ፕላዝማ ነው፤ ስለዚህ ስትመለሱ ልባችሁ እንደ ድሮው ትደበድባለች፣ ሁለተኛዋ ደቂቃም ተመልሳ ትጠብቃችኋለች። ሚቶኮንድሪያው ግን በከፊል አለ፣ ቅንጅቱም ብዙ አይረሳም። ሁለት ሌቭል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ደቂቃውን በግማሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካቆማችሁበት አካባቢ ትደርሳላችሁ።