ሳይቃጠል በቅጠል፦ የጆሮ ማዳመጫን ከማጉያ ግፊት እንጠብቅ

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ከደረሰብን እንጀምር። ተማሪዎች የተቀዳ የእንግሊዝኛ ንባብ እንዲሰሙ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግንላቸውና ማጉያውን አበራነው። «ድው!» አለ። አንዲት ልጅ ደንግጣ ማዳመጫውን ወረወረችው፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ መልሳ ለማድረግም እምቢ አለች። የማዳመጫው አንዱ ጎን ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

ታዲያ ይህ «ድው» ከየት ይመጣል? በአንድ የኃይል ምንጭ ብቻ በሚሠሩ ብዙ ማጉያዎች ውስጥ፣ መውጫው ላይ የምንጩ ግማሽ ቮልት ይቆማል። ምንጩ 24 ቮልት ከሆነ መውጫው 12 ነው ማለት ነው። ይህ ቀጥተኛ ቮልት ወደ ማዳመጫው እንዳያልፍ በመካከል ካፓሲተር ይገባል። ነገር ግን ማጉያው ሲበራ ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም በማዳመጫው ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ፣ ማዳመጫው 32 ኦም ቢሆን፣ ግፊቱ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ያልቃል። አጭር ነው፤ ለማስደንገጥ ግን ይበቃል።

የባሰው ካፓሲተሩ ተበላሽቶ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ 12 ቮልቱ ሳያቋርጥ ማዳመጫው ላይ ያርፋል። 12 በ12 ተባዝቶ ለ32 ሲካፈል 4.5 ዋት ይሆናል። በጥቂት ሚሊዋት የሚሠራው እንደ ጠጉር የቀጠነ ጥቅል ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይቃጠላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ለአንድ ጎን የሚያስፈልገው አንድ የ100 ኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተርና ሁለት ዋን ኤን 4001 ዳዮዶች ናቸው፤ ለሁለቱም ጎን እጥፍ ይሆናል። ሬዚስተሩን ከማጉያው ወደ ማዳመጫው በሚሄደው ሽቦ ላይ በተከታታይ እናስገባለን። ከሬዚስተሩ በኋላ ዳዮዶቹን ከማዳመጫው ጋር ትይዩ አድርገን፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እንዲዞር እንበይዳለን። ሥራው ሁሉ ስፒናው ተነቅሎ መሆን አለበት።

የሲሊከን ዳዮድ ከ0.7 ቮልት ገደማ በታች እንደ ተዘጋ በር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይከፈታል። ሁለት የሆኑትም ግፊቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊመጣ ስለሚችል ነው። እንግዲህ 12 ቮልት ቢመጣ ትርፉ ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል፤ ሬዚስተሩ ይሞቃል እንጂ ማዳመጫው የሚያገኘው 20 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ነው።

ጉድለት የለውም አንልም። ድምፁ ይቀንሳል፤ በጣም ከፍ ሲደረግም ይሻክራል። ለክፍል ንባብ ግን ይበቃል። «ድው» የሚለውም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። በመሆኑም ልማዳችን መታረም አለበት፦ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ እናድርግ፣ ማጉያውን እናብራ፣ ጥቂት ሰከንድ እንቆይ፣ ከዚያ ማዳመጫውን እንሰካ። ስናጠፋ ደግሞ ማዳመጫውን አስቀድመን እንንቀል።

ማዳመጫ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የተማሪ ጆሮ ግን ምትክ የለውም።