ስለ ሰማያዊው ማካውና ስለ ማንዱቪ ዛፍ

በደቡብ አሜሪካ፥ ይበልጡን በብራዚል አገር፥ ፓንታናል የሚባል ሰፊ ረግረግ አለ። ዝናም በበረታ ጊዜ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በበጋ ግን ሣሩ ለከብት ግጦሽ ይሆናል። ከበቀቀን ወገን ሁሉ በርዝመት የሚበልጠው ሰማያዊው ማካው በብዛት የሚኖረው በዚህ ነው። ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ላባው ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን፥ በዓይኑ ዙሪያና በመንቁሩ ሥር ቢጫ ቀለም አለው።

ምግቡ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዘንባባ ፍሬ ነው። ከብቶች የፍሬውን ሥጋ በልተው ከእበታቸው ጋር የጣሉትንም ለቅሞ በመንቁሩ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ በከብት በረት አጠገብ ብዙ ጊዜ ይታያል።

መንቁሩ እንዲህ የበረታ ቢሆንም፥ ጎጆውን በማናቸውም ዛፍ ላይ አያደርግም። በፓንታናል ከ10 ጎጆዎች 9ኙ የሚገኙት ማንዱቪ በሚባለው ዛፍ ነው። የዚህ ዛፍ እንጨት ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ማካው በግንዱ ያገኘውን ቀዳዳ እየፈለፈለ ያሰፋዋል። ዳሩ ግን ግንዱ ለጎጆ የሚበቃው ዕድሜው 60 ዓመት ያህል ከሆነ በኋላ ነው። ቡቃያውንም ከብቶች ይግጡታል፥ ይረግጡታልም፤ የሰደድ እሳትም ያቃጥለዋል። በ2020 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ከፓንታናል ሰፊ ስፍራ አጥፍቶአል።

ማካው ሁለት ዕንቁላል ይጥላል፤ ለመብረር የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ቱካን የሚባለው ባለረጅም መንቁር ወፍ ዕንቁላሉን ይበላበታል። ሰው ይህን ብቻ አይቶ ቱካን ይገደል ይል ይሆናል። ነገር ግን የማንዱቪን ፍሬ በልቶ ዘሩን በየስፍራው የሚበትነው ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ይኸው ቱካን ነው። ቱካን ቢጠፋ የዛሬው ዕንቁላል ይድን ነበር፤ የልጅ ልጆቹ የሚፈለፈሉበት ዛፍ ግን ከወዴት ይመጣል?

ከቱካን ይልቅ የከፋው ጠላት የወፍ ነጋዴ ነበረ። ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ብዙ ሺህ ማካው ተይዞ ተሸጠ፤ በፓንታናል የቀሩት 1,500 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ተገመተ። በ1990 ኔይቫ ጌዴስ የተባሉ ብራዚላዊት የሥነ ሕይወት ሊቅ የጥበቃውን ሥራ ጀመሩ። ከከብት አርቢዎች ጋር ተስማምተው ጎጆዎቹን እየዞሩ አስመረመሩ፤ የበሰለ ማንዱቪ በሌለበትም ስፍራ የእንጨት ሣጥን በዛፍ ላይ አሰቀሉ። ቍጥሩም ከጊዜ በኋላ ወደ 5,000 ከፍ አለ። በሣጥኖቹም ማካው ብቻ አይደለም የሚገባ፤ ዳክዬና ጭልፊትም ቀድመው ከደረሱ ይፈለፍሉበታል።